ነገ ምን ልትበሉ ነው? «ፊውቸር ቴንስ» እና «ፕሪፊክስ» ከማዕዳችን እንማር

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን የእንግሊዝኛ ዓምድ ዛሬ ማዕድ ዘርግቶ ይጠብቃችኋል። እጃችሁን ታጠቡና ቅረቡ!

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በእኛው ፊደል የጻፍናቸው ጮክ ብላችሁ እንድታነቧቸው ነው። ደብተራችሁ ላይ ስትጽፉ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። አጻጻፉ ከጠፋችሁ መዝገበ ቃላት አለ፣ የእንግሊዝኛ መምህሮቻችንም አሉ።

እንግሊዝኛ ለምን ከምግብ ጋር? የውጭ ቋንቋ ወደ ሰፈራችን ሲገባ ቶሎ ከሚያልፍባቸው በሮች አንዱ አፋችን ስለሆነ ነው። ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ማኪያቶ፣ እነዚህ ሁሉ የጣልያንኛ ቃላት ናቸው። የጎረቤታችን የካዛንቺስ ስም ራሱ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚል የጣልያን ዘመን ስያሜ የመጣ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩ ቤቶች ለማለት ነበር። እስቲ ንገሩኝ፣ ከመካከላችን «ፓስታ» የሚለውን ቃል ቁጭ ብሎ የሸመደደ አለ? የለም። በላነው፣ በቃ ያዝነው።

እንግሊዝኛን ግን እንሸመድዳለን። ሕጉን እናውቀዋለን፣ ፈተና ላይ እናከብባለን፣ ተናገሩ ስንባል ግን ዝም! አንዳንዱ ሰው ይስቅብኛል ብሎ ይፈራል። ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ «እበላለሁ» ማለትን ያልተለማመደ ተማሪ ያን ጊዜ ስለ ምግብ መፈጨት በእንግሊዝኛ ማስረዳት ይከብደዋል። ስለዚህ በቀን 3 ጊዜ ከምናገኘው ነገር እንጀምር፤ ከምግብ።

1. የመጀመሪያው ጥያቄ፦ መቼ ወሰናችሁት?

በአማርኛ «በየቀኑ ሽሮ እበላለሁ» እንላለን። «ነገ ሽሮ እበላለሁ»ም እንላለን። ልብ በሉ፣ «እበላለሁ» አልተቀየረም። ነገሩ የወደፊት መሆኑን የነገረን «ነገ» የሚለው ቃል ነው። እንግሊዝኛ ግን በዚህ ብቻ አይረካም። የዘወትሩን «አይ ኢት ሽሮ ኤቭሪ ዴይ» ይላል። የነገውን «አይ ዊል ኢት ሽሮ ቱሞሮው» ይላል። ብዙዎቻችን «ዊል»ን የምንረሳው ለዚህ ነው፤ በአማርኛችን «ነገ» ካልን ስለሚበቃን።

ቀጥሎ እንግሊዝኛ «መቼ ነው የወሰንከው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። መልሱ ሦስት መንገድ አለው።

ሀ) አሁን፣ እዚሁ ከወሰናችሁት «ዊል» ነው። ካዛንቺስ አንድ ምሳ ቤት ገባችሁ እንበል። አስተናጋጇ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» አለቻችሁ። ዝርዝሩን አያችሁና «ሽሮ ይሁንልኝ» አላችሁ። ይሄ በእንግሊዝኛ «አይል ሃቭ ሽሮ፣ ፕሊዝ» ነው። «አይል» ማለት «አይ ዊል» ሲያጥር ነው። እናታችሁ ከባድ ዘንቢል ይዘው ሲመጡ ብድግ ብላችሁ «አይል ሄልፕ ዩ» ብትሉም «ዊል» ነው፤ ምክንያቱም ያሰባችሁት ዘንቢሉን ስታዩ ነው። ቃል ስንገባና ስለወደፊቱ የምንገምተውን ስንናገርም «ዊል» እንጠቀማለን።

ለ) አስቀድማችሁ ካሰባችሁበት «ጎይንግ ቱ» ነው። የአማርኛ ወንድሙ ደግሞ ቤታችን ውስጥ አለ፤ «ልበላ ነው»፣ «ልትሠራ ነው» የምንለው። እናቴ ጎመን ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አጥባ አስቀምጣለች እንበል። «ጎመን ልትሠራ ነው» እላለሁ። በእንግሊዝኛ «ሺ ኢዝ ጎይንግ ቱ ኩክ ጎመን» ይሆናል። ሐሳቡ ነበረ፣ ዝግጅቱም አለ።

«ጎይንግ ቱ» ሌላም ሥራ አለው። በዓይናችን ምልክት አይተን «ሊሆን ነው» የምንለውን ይገልጻል። ወጡ አረፋ ደፍቆ ክዳኑን ሲገፋ ምን ብላችሁ ትጮኻላችሁ? «ኧረ ወጡ ሊገነፍል ነው!» ይኸው ነው፤ «ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ቦይል ኦቨር!» እዚህ ላይ «ዊል» ብትሉ ሰዎች ይረዷችኋል፤ ግን የወጡን አረፋ እያያችሁ ስለሆነ የሚስማማው «ጎይንግ ቱ» ነው።

ሐ) ቀጠሮ ከተያዘለት «ፕረዘንት ኮንቲንዩየስ» ነው፤ ያው «ኢንግ» የሚጨመርበት። አክስታችሁ ደውለው እሑድ ለምሳ እንደሚመጡ ከተነጋገራችሁ «ማይ አንት ኢዝ ካሚንግ ፎር ላንች ኦን ሰንዴይ» ትላላችሁ። ቀኑም ሰዓቱም ታውቋል። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ በሚቀርብበት የምገባ ፕሮግራምም፣ የነገው ምግብ ምስር መሆኑ ከተነገረ «ዊ አር ሃቪንግ ምስር ቱሞሮው» ማለት ይቻላል። ነገ የሚጾም ልጅም «አይ አም ፋስቲንግ ቱሞሮው» ቢል ትክክል ነው።

ሲጠቃለል፦ አሁን ወሰንኩ፣ «ዊል»። አስቤበታለሁ፣ «ጎይንግ ቱ»። ቀጠሮ አለ፣ «ኢንግ»። እርግጥ ሦስቱ አንዳንዴ ይቀራረባሉ፤ ተናጋሪዎቹም አንዱን በሌላው ቦታ የሚጠቀሙበት ጊዜ አለ። ለጀማሪ ግን ይህ ጥያቄ ጥሩ መንገድ ያሳያል።

2. ሁለት ወጥመዶች

የመጀመሪያው ወጥመድ «ዌን» ነው። «ቤት ስደርስ እጄን እታጠባለሁ» የሚለውን ብዙ ልጆች «ዌን አይ ዊል ጌት ሆም፣ አይ ዊል ዎሽ ማይ ሃንድስ» ይሉታል። ትክክሉ «ዌን አይ ጌት ሆም፣ አይ ዊል ዎሽ ማይ ሃንድስ» ነው። «ዊል» አንድ ጊዜ ብቻ! ይህን ለማስታወስ አማርኛችን ይረዳናል። እኛም «ስደርስ እታጠባለሁ» እንጂ «እደርሳለሁ ስ... እታጠባለሁ» አንልም። የወደፊቱን የሚሸከመው ሁለተኛው ግስ ብቻ ነው። «ኢፍ»ም እንደዚሁ ነው፦ «ኢፍ አይ አም ሃንግሪ፣ አይ ዊል ኢት ኤ ባናና»፤ ከራበኝ ሙዝ እበላለሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ ድምፅ ነው። «ዋንት» መፈለግ ነው። «ዎንት» ደግሞ «ዊል ኖት» ሲያጥር የሚመጣ ነው፤ «አላደርገውም» ማለት ነው። «ዎ»ው ረዘም ይላል፤ ከንፈርም ሞልሞል ይላል። «አይ ዋንት ካሮት» ያለ ልጅ ካሮት ይሰጠዋል። «አይ ዎንት ኢት ካሮት» ያለ ደግሞ ሳህኑ ይነሳበታል። ጓደኛችሁን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ 10 ጊዜ ተለማመዱት።

3. ፊት የምትለጠፈው ትንሽ ቁራጭ፦ «ፕሪፊክስ»

በአማርኛ ትምህርታችን «ባዕድ መነሻ» የምንለው ነው። ከቃሉ ፊት ይለጠፍና ትርጉሙን ይቀይረዋል። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፦ በላ፣ ተበላ፣ አበላ፣ አስበላ። ፊት ላይ ያለችው ፊደል ማን እንደበላና ማን እንደተበላ ለየች! አሁን የእንግሊዝኛዎቹን በየተራ እንቅመሳቸው።

«አን»፦ የእኛን «ያል» ይመስላል። «ዎሽድ» የታጠበ፣ «አንዎሽድ» ያልታጠበ። «ኩክድ» የበሰለ፣ «አንኩክድ» ያልበሰለ። «ራይፕ» የበሰለ ፍሬ፣ «አንራይፕ» ጥሬ ፍሬ። «ሄልዚ» ጤናማ፣ «አንሄልዚ» ጤናማ ያልሆነ። ስታዲየም ዙሪያ የተላጠና የተቆረጠ ፍራፍሬ ስትገዙ በልባችሁ «ዎሽድ ኦር አንዎሽድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢላዋውና እጁም በጥያቄው ውስጥ ይግቡ።

«አንደር» እና «ኦቨር»፦ አንዱ ከሚገባው በታች፣ ሌላው ከሚገባው በላይ ነው። እዚህ ላይ ክትፎ ጥሩ አስተማሪ ነው። ክትፎ ሲታዘዝ «ጥሬ ነው፣ ለብለብ ነው፣ ወይስ የበሰለ?» ይባላል። ጥሬው «አንኩክድ» ነው፤ እሳት አላየም። ለብለቡ እሳት አይቷል ግን አልበቃውም፤ በጤና ዓይን ካየነው «አንደርኩክድ» ነው። ሦስተኛው «ኩክድ» ነው። እሳት ላይ ተረስቶ የጠቆረው ደግሞ «ኦቨርኩክድ»። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም። የኮሶ ትል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ሥጋ ስንበላ ነው። በደንብ ማብሰል ትሉን ይገድለዋል። ስለዚህ «ለብለብ እኮ ጥሬ አይደለም» ብሎ የሚከራከር ካለ፣ «አንደር» የምትለውን ቁራጭ አሳዩት።

ጎመንም ኦቨርኩክድ ይሆናል። ረጅም ሰዓት በብዙ ውኃ ሲቀቀል በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ይቀንሳል። «ኦቨርኢት» ደግሞ ከመጠን በላይ መብላት ነው። በዓል ሲመጣ ይህን ቃል አስታውሱት!

«ሪ»፦ እንደገና ማለት ነው። «ሂት» ማሞቅ፣ «ሪሂት» እንደገና ማሞቅ። «ፊል» መሙላት፣ «ሪፊል» እንደገና መሙላት። የዓለም ጤና ድርጅት ያደረ ምግብ ሲሞቅ በደንብ፣ እስከ ውስጡ ድረስ መሞቅ አለበት ይላል። የትናንቱን ወጥ ለብ ማድረግ ብቻ «ሪሂት» አይባልም። እስኪንተከተክና እንፋሎቱ እስኪወጣ ነው።

«ፕሪ»፦ ቅድመ ማለት ነው። መዋዕለ ሕፃናት «ፕሪ ፕራይመሪ» የሚባለው ከአንደኛ ደረጃ በፊት ስለሆነ ነው። ኩሽና ውስጥ ደግሞ «ፕሪሂት» አለ፤ ሊጡ ከመግባቱ በፊት ምድጃውን ማጋል። እንጀራ ጋጋሪ እናቶች ምጣዱን አግለው፣ አሰስ አድርገው ነው ሊጡን የሚያዞሩት። ቃሉን ሳይማሩት ሥራውን ያውቁታል።

«ማል»፦ የተበላሸ፣ የተዛባ ማለት ነው። «ኒዩትሪሽን» የሰውነት ምግብ ማግኘት ሲሆን «ማልኒዩትሪሽን» የተዛባ አመጋገብ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ቃል ስንሰማ የከሳ ልጅ ብቻ ይታየናል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሁለቱንም ይጨምርበታል፤ በቂ ምግብ ማጣትንም፣ ከመጠን በላይ መወፈርንም። ማለትም «አንደርዌይት»ም «ኦቨርዌይት»ም በዚህ በአንዱ ቃል ሥር ይገባሉ።

ጥንቃቄ! ፊቱ «አን» ወይ «ሪ» ያለው ሁሉ ፕሪፊክስ የለውም። «አንክል» አጎት ነው፤ «ያል» የሚባል አጎት የለም። «ሪድ» ማንበብ ነው፤ «እንደገና ድ» አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው። ቁራጩን ስታነሱት የቀረው ራሱን የቻለ፣ ትርጉሙም የሚገናኝ ቃል ነው? «አንዎሽድ» ላይ «አን»ን አንሱ፣ «ዎሽድ» ይቀራል፤ ትክክል። «አንክል» ላይ አንሱ፣ «ክል» ይቀራል፤ ምንም!

4. ቃል መግባትና መዘጋጀት

አሁን ሰዋስውን ከሳህናችን ጋር እናገናኘው። «ከሰኞ ጀምሮ ለስላሳ አልጠጣም» የሚል ጓደኛ ሁላችንም አለን። «አይ ዎንት ድሪንክ ሶዳ» ማለቱ ነው። ቃል ገባ፣ ጎበዝ። ግን ምን አዘጋጀ? ብዙዎቹ ለስላሳ መጠጦች በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ስኳር አላቸው። 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከሆነ ወደ 30 ግራም ይደርሳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው ብትሉ፣ ከ7 ማንኪያ በላይ ማለት ነው። ይህን ሰምቶ «አልጠጣም» ማለት ቀላል ነው። ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሲጠማው ግን በቦርሳው ውኃ ከሌለ ቃሉ ይጠፋል። ውኃውን ማታ ሞልቶ ቦርሳው ውስጥ የከተተ ልጅ ግን «አይ አም ጎይንግ ቱ ድሪንክ ዎተር» ቢል እናምነዋለን። እናንተም ራሳችሁን በዚህ ፈትኑ፦ «ጎይንግ ቱ» ስትሉ፣ ዝግጅታችሁ የታለ?

በአገር ደረጃም እንዲሁ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ይፋ አደረገ። ሰቆጣ በአማራ ክልል፣ በዋግ ኽምራ የምትገኝ ከተማ ናት። ቃል ኪዳኑ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2030፣ ማስቀረት ነው። መቀንጨር ማለት ሕፃኑ በተከታታይ በቂና የተመጣጠነ ምግብ ባለማግኘቱ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ ሲቀር ነው፤ የአእምሮ እድገትንም ይጎዳል። በእንግሊዝኛ ብንጽፈው «ዊ ዊል ኤንድ ስታንቲንግ» ይሆናል። ቃል ስለሆነ «ዊል» ነው። ከቃል ወደ ሥራ የሚያሻግረው ግን ንጹሕ ውኃው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የጓሮ አትክልቱና የእናቶች ምግብ ነው። እስቲ አስሉት፣ በ2022 ዓ.ም. እናንተ ስንት ዓመት ይሆናችኋል? «ሃው ኦልድ ዊል ዩ ቢ?» ምናልባት የሕፃን ወንድም ወይ እህት ምግብ የምታዘጋጁት እናንተ ትሆናላችሁ።

ታዲያ ምን እንብላ? ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የራሷን የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች፤ ዋና መልእክቱም ምግባችን የተለያየ ይሁን የሚል ነው። ይሄን እኛ ድሮም ስም ሰጥተነዋል፤ በየዓይነቱ! ምስሩና ክኩ ገንቢ፣ እንጀራው ኃይል ሰጪ፣ ጎመኑና ካሮቱ በሽታ ተከላካይ። ጤፍ ብረት አለው። ብረቱ ወደ ደማችን በደንብ እንዲገባ ቫይታሚን ሲ ይረዳዋል፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን ላይ ይገኛል። ከምግቡ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ያግደዋል፤ ስለዚህ ሻዩ ቆየት ብሎ ይምጣ። ይህ ሁሉ ውድ ነገር አይደለም። አንድ ቲማቲም ተቆርጦ ሽሮው አጠገብ ቢቀመጥ ለውጥ ነው።

5. እናንተ ሞክሩ

መልሱን ሳትሞክሩ እንዳታዩ!

1ኛ. ወተቱ ሊገነፍል ነው። «ዊል» ወይስ «ጎይንግ ቱ»?
2ኛ. አስተናጋጇ ጠየቀቻችሁ፣ እናንተም እዚያው «በየዓይነቱ ይሁንልኝ» አላችሁ። በእንግሊዝኛ እንዴት ትላላችሁ?
3ኛ. አያታችሁ ቅዳሜ ለቁርስ እንደሚመጡ ቀጠሮ ተይዟል። በየትኛው መንገድ ትናገሩታላችሁ?
4ኛ. ያልታጠበ ቲማቲም በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?
5ኛ. አስተካክሉ፦ «ዌን አይ ዊል ፊኒሽ ላንች፣ አይ ዊል ዎሽ ማይ ፕሌት»።
6ኛ. «ሪች» ማለት ሀብታም ነው። ፊቱ ያለው «ሪ» ፕሪፊክስ ነው?

መልስ፦ 1ኛ. «ጎይንግ ቱ»፤ ምልክቱ እየታየ ነው። 2ኛ. «አይል ሃቭ በየዓይነቱ፣ ፕሊዝ»። 3ኛ. «ኢንግ» ባለው፤ «ኢዝ ካሚንግ»። 4ኛ. «አንዎሽድ ቶሜቶ»። 5ኛ. የመጀመሪያው «ዊል» ይውጣ። 6ኛ. አይደለም፤ ሲነሳ የሚቀር ትርጉም ያለው ቃል የለም።

የቤት ሥራ ደግሞ ይኸውላችሁ። በደብተራችሁ የ5 ቀን ሠንጠረዥ ሥሩ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ «ጎይንግ ቱ» ዓረፍተ ነገር ስለምትበሉት ነገር ጻፉ፤ አጠገቡ ለዚያ ያዘጋጃችሁትን ነገር በአማርኛ አስቀምጡ። ዓርብ ላይ የተሳካውን ምልክት አድርጉበት። ያልተሳካው ላይ ማፈር የለም፤ «ሪራይት» አድርጉት፣ እንደገና ጻፉት። «ሪ» ለዚህ ነው የተማርናት።

ሰፈራችን እንግዳ የማይጠፋበት ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከእኛ በእግር የሚደረስ ነው፤ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ባለው መንገድም የየአገሩ ሰው ይመላለሳል። አንድ ቀን አንዱ እንግዳ በየዓይነቱ ላይ ጣቱን ጠቁሞ «ምንድን ነው?» ቢላችሁ፣ አንድ በአንድ ነግራችሁ «ዩ ዊል ላይክ ኢት» በሉት። የተስፋ ግምት ነውና «ዊል» ትክክል ነው።

ሠንጠረዣችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡልን፤ ጥሩ ጥሩዎቹን ለቀጣዩ እትም እንመርጣለን። መምህሮቻችን እርማት ካላችሁ በደስታ እንቀበላለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!